ደም ቅዳ፣ ደም መልስ

የራያ ቆቦ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። የእርስዎም ሰውነት ሌት ተቀን የሚሠራው ከዚህ ብዙም የራቀ ሥራ አይደለም። ቦዩ ሲጠብ፣ ግድግዳው ሲጎዳስ ምን ይሆናል?

በክረምት ከወልዲያ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ብትጓዙ ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ ቆቦ ትደርሳላችሁ። በምዕራብ በኩል ደጋው፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች ቆመዋል። በመካከላቸው ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። እዚህ ሜዳ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ፀሐይዋም እንደጠነከረች፣ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነውና።

የአካባቢው ገበሬ ይህን ደራሽ ውሃ ዝም ብሎ አያሳልፈውም። በድንጋይ፣ በአፈርና በእንጨት በሠራው ክትር ይጠልፈዋል። ከዚያም ከወንዙ ወደ ዋናው ቦይ፣ ከዋናው ወደ መለስተኛው፣ ከመለስተኛው ወደ ቀጫጭኖቹ እያከፋፈለ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል። ጎርፉ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ሊሆን ይችላል። አፈሩ የጠጣው ውሃ ግን ማሽላውን ዝናብ በሌለባቸው ቀናት ያቆየዋል። ውሃው በወንዙ ሞልቶ መምጣቱ ብቻውን ለማንም እህል አይሆንም፤ የመጨረሻው ማሳ ላይ መድረስ አለበት።

የደም ሥሮቻችንን ነገር ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በእኛም ሙያ ዕቃው መጋዘን ሞልቶ ሰፈር ውስጥ ያለችው ትንሿ ሱቅ ካልደረሰ፣ አልተሸጠም። ሰውነታችንም የሚኖረው በዚሁ ሕግ ነው።

ስሙ ራሱ ይናገራል

አማርኛችን የደም ሥሮችን በሥራቸው ሰይሟቸዋል። ከልብ ደም ተቀብሎ ወደ ሰውነት የሚያደርሰው «ደም ቅዳ» ይባላል። ከሰውነት ሰብስቦ ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ «ደም መልስ» ነው። በሁለቱ መካከል በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ፤ በሕክምናው ቋንቋ ካፒላሪ ይባላሉ።

የአዋቂ ሰው ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል። ዕረፍት ላይ ሆነው ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ከሆነ፣ ልብዎ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም እየረጨ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ጠቅላላ ደምም ወደ 5 ሊትር ስለሚጠጋ፣ ደምዎ በአንድ ደቂቃ ገደማ ዙሪያውን ጨርሶ ይመለሳል ማለት ነው። የጎሊና ጎርፍ ማሳውን አጠጥቶ የተረፈው ወደ አፋር ይወርዳል፤ አይመለስም። ደም ግን ይመለሳል። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ይሞላል፣ ልብ ይገባል፣ እንደገና ይቀዳል።

ሦስት ድርብ ግድግዳ

ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አዎርታ፣ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ልብ በመታ ቁጥር የሚወጣው ደም የሚያርፈው መጀመሪያ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የደም ቅዳ ግድግዳ ሦስት ድርብ አለው።

የውስጠኛው ሽፋን እጅግ ስስና ልስልስ ነው። ደም ሳይረጋና ሳይጣበቅ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ የደም ሥሩ መቼ መስፋትና መጥበብ እንዳለበት የሚናገሩ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫል። መካከለኛው ድርብ ጡንቻና እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር ነው። ልብ ሲረጭ ይለጠጣል፤ ልብ ሲያርፍ ተመልሶ ይሰበሰባል። እጅዎ አንጓ ላይ ጣትዎን ሲያሳርፉ የሚሰማዎት ትርታ ይኸው መለጠጥና መሰብሰብ ነው። የውጭኛው ድርብ ጠንከር ያለ ሲሆን የደም ሥሩን ከአካባቢው ሥጋ ጋር አያይዞ በቦታው ያኖረዋል።

ገበሬው ቦይ ሲሠራ ዳርና ዳሩን በአፈር የሚክበው በከንቱ አይደለም። ዳሩ ከሳሳ ኃይለኛ ጎርፍ ይበጥሰዋል፤ ማሳውን ከማጠጣት ይልቅ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል።

ሰውነትም የውሃ አባት አለው

በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለባቸው ብዙ ቦታዎች «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ዛሬ ውሃው ለማን ይለቀቅ፣ ለማን ይዘጋ የሚለውን ተራ ጠብቆ የሚያከፋፍል፣ ማኅበረሰቡ ያመነበት ሰው ነው። ያለ እሱ ላይኛው ማሳ ሲጠግብ ታችኛው ይደርቃል።

በሰውነታችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ከትልልቆቹ ደም ቅዳዎች የሚከፈሉት ትንንሽ ቅርንጫፎች ናቸው። ግድግዳቸው ከስፋታቸው አንጻር ብዙ ጡንቻ አለው፤ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። ምሳ ሲበሉ ወደ ሆድ የሚወስደው ይከፈታል። ደረጃ ሲወጡ የእግር ጡንቻዎች ተራ ይደርሳል። ሲደነግጡ ቆዳዎ የሚገረጣው ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ስለሚቀነስ ነው። አእምሮ ግን ተራውን አያሳልፍም፤ ተኝተንም ነቅተንም ድርሻው መቋረጥ የለበትም።

የቧንቧ መጥበብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፑአዜይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሙከራ አሳይቷል። የአንድ ቧንቧ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ ግፊቱ ካልተለወጠ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ከ16 አንድ እጅ ይሆናል። የደም ሥር ጥቂት ሲጠብ ልብ ብዙ የሚደክመው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ማሳ

ካፒላሪ ዘንድ ስንደርስ ግድግዳው አንድ ሕዋስ ብቻ ይሆናል። ስፋቱ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ ቀይ የደም ሕዋሳት አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ አንዳንዴም ተጣጥፈው ያልፋሉ። አዎርታ ውስጥ በሰከንድ በአሥር ሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ይሮጥ የነበረው ደም እዚህ ሲደርስ በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይጓዛል። ምክንያቱ ጎርፉ ሜዳው ላይ ሲሰራጭ ከሚረጋበት ምክንያት ጋር አንድ ነው፤ የተከፋፈለበት ቦታ ሲደመር እጅግ ሰፊ ነው። ዝግታው ደግሞ ጥቅም አለው። ኦክስጅንና ምግብ ወደ ሕዋሳቱ ለመግባት፣ ቆሻሻው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሲያስረዳ፣ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ በዓይኑ አላየም ነበር። ጣሊያናዊው ማልፒጊ በ1661 የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ካፒላሪዎቹን አገኛቸው። ትልቁ ቧንቧ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ሕይወት የምትታደልበት ቦታ ግን ለማየት የመጨረሻው ሆነ።

ዓይን፣ ኩላሊትና አእምሮ በእነዚህ ቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞሉ ናቸው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ ሳይታከሙ ሲቀሩ ዓይንና ኩላሊት ከሚጎዱት ቀዳሚ የሚሆኑበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ዳገቱን የሚወጣው ደም

ደም መልስ ሌላ ችግር አለበት። ከእግር ጣት እስከ ልብ ያለውን ዳገት መውጣት አለበት፤ የልብ ግፊት ደግሞ እዚህ ሲደርስ አብዛኛው አልቋል። ግድግዳው ስስና ልል ስለሆነ ብዙ ደም ይይዛል፤ ዕረፍት ላይ ስንሆን ከጠቅላላው ደማችን ከግማሽ በላይ የሚገኘው ደም መልስ ውስጥ ነው።

ሁለት ነገሮች ያግዙታል። የመጀመሪያው በውስጡ ያሉት ትንንሽ ክዳኖች (ቫልቮች) ናቸው፤ ደሙን ወደ ላይ ያሳልፋሉ፣ ወደ ታች አይመልሱም። ሁለተኛው የባታችን ጡንቻ ነው። በተራመድን ቁጥር ባት ይጨመቃል፤ ደሙንም ወደ ላይ ይገፋዋል።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ቆቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ነሐሴ 16 ለሶለል ስትሄዱ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ ማታ ጫማው እግር አልገባ ቢል አይገርምም። ባት አልሠራም፤ ደሙም እግር ላይ ቆይቷል። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርደው ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ውሃ ይጠጡ። የሁለቱም እግር ማበጥ አብዛኛውን ጊዜ ሲያርፉ ይለቃል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ከሞቀ ግን የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የቆላ ፀሐይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከደጋ የመጣ ሰው ልዩነቱን ከመኪና ሲወርድ ያውቀዋል። በዚያች ቅጽበት የቆዳችን የደም ሥሮች ይከፈታሉ። ሙቅ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ሙቀቱን ለአየርና ለላብ ሰጥቶ ቀዝቀዝ ብሎ ይመለሳል። በከባድ ሙቀት ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ከወትሮው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ ብልሃት ዋጋ አለው። ደሙ ወደ ቆዳ ሲበዛና ውሃው በላብ ሲያልቅ፣ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ይዞርበታል። በተለይ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ቀስ ብለው ይነሡ። ለግፊት ተብሎ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ወደ ቆላ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በራስ ሥልጣን መድኃኒት ማቋረጥ ግን መፍትሔ አይደለም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

የማቋረጥን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቆቦ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ግፊታቸው ከፍ ማለቱ ተነግሯቸው ኪኒን ተጀመረላቸው። ጥቂት ወራት ወስደው ደህና ሆኑ። ከዚያ «ምን ያመመኝ አለና ነው በየቀኑ ኪኒን የምውጥ» ብለው ተዉት። አልዋሹም፤ ምንም አላመማቸውም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቡና ሲጠጡ ስኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ ንግግራቸውም ተኮላተፈ። ስትሮክ ነበር። ዛሬ በሕይወት አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ። በዚያች እጅ ግን እንጀራ ጋግረው አያውቁም።

የደም ግፊት ማለት ደሙ የደም ቅዳን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ሲለካ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። የላይኛው ልብ ሲረጭ ያለው፣ የታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ነው። 120 በ80 ገደማ ጤናማ ይባላል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የደም ግፊት ነው።

ግፊቱ ለዓመታት ሲበዛ የውስጠኛው ልስልስ ሽፋን ይጎዳል። በተጎዳው በኩል ስብ እየገባ ይጠራቀማል። ብዙዎቻችን ይህን ቧንቧ ውስጥ እንደሚጋገር ዝገት አድርገን እናስበዋለን፤ ስቡ የሚጠራቀመው ግን ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ያብጥና መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ያበጠው ቦታ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ደም እላዩ ላይ ይረጋል። ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ አእምሮ ላይ ከሆነ ስትሮክ ያስከትላል። ቦይ በደለል ሲሞላ ገበሬው በአካፋ ይጠርገዋል። ለደም ሥር እንዲህ ያለ አካፋ በየቤቱ የለም።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ከ100 ሰው ወደ 16 የሚጠጉት ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ከእነዚህም መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። በዚሁ ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። እናቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ይለኩ። ጤና ጣቢያም ሆነ ቤትዎ ውስጥ ሲለኩ ለ5 ደቂቃ ያህል ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን መሬት አሳርፈው ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። ሽንትዎን አስቀድመው ይሽኑ፤ እየተለኩ አያውሩ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ አቦል ጠጥተው ወዲያው የተለኩት ቁጥር ሊያሳስትዎ ይችላል። አንድ ቀን ከፍ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ በሌላ ቀን ደግመው ይለኩ፤ ያኔም ከፍ ካለ ሐኪም ያዩት።

ጨውን ከማዕድ ላይ ያንሡ። ወጡ ውስጥ የገባው ይበቃል፤ ከሱቅ የሚገዛ ቺፕስና የታሸገ ምግብም ጨው እንደተሞላ ያስታውሱ። ሲጋራ የውስጠኛውን ሽፋን በቀጥታ ይጎዳልና ቤትዎ ውስጥ ቦታ አይስጡት። በሳምንት አብዛኛውን ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብለው ይራመዱ። ልጆችዎ ከስልክ ተነሥተው ይሩጡ፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው የስብ ምልክት በልጅነትና በወጣትነት ሊጀምር ይችላል።

መድኃኒት የታዘዘለት የቤተሰብ አባል ካለ፣ ደህና የሆነው መድኃኒቱን ስለሚወስድ መሆኑን በትዕግሥት ያስረዱት። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ቢጣመም፣ አንድ እጁ አልነሣ ቢለው ወይም አንደበቱ ቢተሳሰር ጠበልም ሆነ ዕረፍት ሳይቀድም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። እያንዳንዷ ደቂቃ የአእምሮ ሕዋስ ናት።

አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችን «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉን። ግፊት ደግሞ በስልክ አይሰማም። ለበዓል ወደ ቆቦም ሆነ ወደየትኛውም አገራችሁ ስትሄዱ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ የግፊት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። የእናታችሁን ለኩ፣ የአባታችሁን ለኩ፣ ጎረቤት ከመጣም ለኩ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አቅራቢያቸው ላለ የጤና ባለሙያ አሳዩ። ለመለካት የሚፈጀው ጊዜ አቦሉ እስኪፈላ ከሚወስደው ያንሳል።